ከአንድ ቤት የወጡ ሁለት ውሰቶች፦ ቫዮሊንና የእንግሊዝ ዜማ በካርናቲክ ሙዚቃ

የደቡብ ህንድ የካርናቲክ ሙዚቃ ከባዕድ ተጽእኖ ተጠብቆ የኖረ ንጹሕ ጥበብ ነው የሚል አነጋገር በአድናቂዎቹም በባለሙያዎቹም ዘንድ ይሰማል። የሰሜኑ የሂንዱስታኒ ሙዚቃ ከፋርስና ከመካከለኛው እስያ ጋር ተቀላቅሏል፣ የደቡቡ ግን እንደ ጥንቱ ቀርቷል ይባላል። ይህን የሚል አድማጭ ወደ መድረኩ ቀና ቢል ግን ከዘፋኙ በስተግራ እግሩን አጣጥፎ መሬት ላይ የተቀመጠ ቫዮሊን ተጫዋች ያገኛል። ቫዮሊኑ ከአውሮፓ የመጣ ነው፤ ወደዚህ ሙዚቃ ከገባም ከ200 ዓመት ብዙ አልዘለለም። ሆኖም ዛሬ ያለ ቫዮሊን የሚቀርብ የድምፅ ኮንሰርት እንደ ጎደሎ ይቆጠራል፤ ተጫዋቹም አድማጩም መሣሪያውን እንደ እንግዳ አያዩትም።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው የቫዮሊንን ታሪክ ብቻ አይደለም። ቫዮሊን በገባበት ቤት፣ በዚያው ዘመን አካባቢ፣ ከዚያው የእንግሊዝ የሙዚቃ ጓድ ሌላም ነገር ተወስዷል። ታናሽ ወንድም መሣሪያውን ወሰዱ፤ ታላቅ ወንድም ዜማዎቹን ወሰዱ። መሣሪያው የሙዚቃው የጀርባ አጥንት ሲሆን ዜማዎቹ ከጀማሪ ተማሪዎች ትምህርትና ከኮንሰርት ማሳረጊያ ብዙም አላለፉም። ሁለቱ ውሰቶች ለምን እንዲህ ተለያዩ የሚለው ጥያቄ ስለ ባህል ውሰት በጥቅሉ ከሚነገረው ብዙ ነገር የበለጠ የሚያስተምር ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማናሊና ምሽጉ

የጉዳዩ ባለቤቶች የዲክሺታር ቤተሰብ ናቸው። አባት ራማስዋሚ ዲክሺታር (1735–1817) የተከበሩ የዜማ ደራሲ ነበሩ። ታላቅ ልጃቸው ሙቱስዋሚ ዲክሺታር (1775–1835) ከትያጋራጃና ከሽያማ ሻስትሪ ጋር «ሥላሴ» ተብለው ከሚጠሩት ሦስት ታላላቅ የካርናቲክ ደራስያን አንዱ ሲሆኑ፣ ከወንድሞቻቸው አንዱ ባሉስዋሚ ዲክሺታር (1786–1858) ነበሩ። ቤተሰቡ ከቲሩቫሩር ተነሥቶ ከማድራስ ከተማ በስተሰሜን ወደምትገኘው ማናሊ የሄደው በአንድ ባለጸጋ ጥሪ ነው። እኒህ ሰው ሙቱክሪሽና ሙዳልያር ይባላሉ፤ ሥራቸውም የእንግሊዝ ምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ዱባሽ መሆን ነበር። ዱባሽ ማለት በኩባንያው ሹማምንትና በአገሬው መካከል ቆሞ የሚያስተረጉም፣ የሚያደራድር፣ ለራሱም የሚነግድ ሰው ነው። ስለዚህ ባለጸጋው በአንድ እጃቸው የቤተ መቅደስ ሙዚቃ የሚደግፉ፣ በሌላው የኩባንያውን ጉዳይ የሚያስፈጽሙ ሰው ነበሩ፤ ልጃቸውም ከእርሳቸው በኋላ በዚያው መንገድ ቀጠሉ።

ይህ የሁለት ዓለም ኑሮ ለጉዳያችን ወሳኝ ነው። ኩባንያው በማድራስ በፎርት ሴንት ጆርጅ ምሽግ ውስጥ ጦር ነበረው፤ ጦሩ ደግሞ የሙዚቃ ጓድ ነበረው። ወንድማማቾቹ በደጋፊያቸው በኩል ወደ ምሽጉ እየሄዱ ጓዱ የሚጫወተውን ሰልፍ፣ የዳንስ ዜማና የአየርላንድና የስኮትላንድ ዘፈን አዳመጡ። ባሉስዋሚ ለቫዮሊኑ ያሳዩትን ፍላጎት ያዩት ደጋፊ ክፍያውን በራሳቸው ወጪ ሸፍነው ከአንድ አውሮፓዊ ሙዚቀኛ ዘንድ እንዲማሩ አደረጉ፤ ትምህርቱም ሦስት ዓመት ያህል እንደ ቆየ ይነገራል። በኋላ ባሉስዋሚ በኤታያፑራም ቤተ መንግሥት ሙዚቀኛ ሆነው ኖረዋል፤ ሙቱስዋሚም በ1835 ያረፉት በዚያችው በኤታያፑራም ነው።

ይህን ታሪክ በጽሑፍ ያስቀመጡት ሱባራማ ዲክሺታር (1839–1906) ሲሆኑ፣ በ1904 በታተመው ታላቅ የሙዚቃ መድበላቸው ውስጥ የቤተሰቡን ሰዎች ሕይወት ዘግበዋል። ድርጊቱ ከተፈጸመ ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ የታተመና ከቤተሰብ አባል የወጣ ምስክርነት በመሆኑ በጥርጣሬ የሚያዩት አሉ። ጥርጣሬው ተገቢ ነው፤ ሰው ለአያቱ ያደላል። ሱባራማ ግን የባሉስዋሚ የልጅ ልጅ ሲሆኑ፣ ባሉስዋሚ እንደ ልጅ ወስደው ያሳደጓቸውና ራሳቸው ያስተማሯቸው ናቸው። አያት ሲያርፉ ልጁ ወደ ሃያ ዓመት ይጠጋቸው ነበር። ምስክርነቱ በብዙ አፍ የተቀባበለ ወሬ ሳይሆን ከባለ ጉዳዩ አንደበት የተሰማ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በእኔ ግምት አጠራጣሪ የሚሆነው ባሉስዋሚ ቫዮሊን ተማሩ የሚለው ሳይሆን «የመጀመሪያው እርሳቸው ናቸው» የሚለው ነው።

ምክንያቱም በዚያው ዘመን ሌሎች በሮችም ተከፍተው ነበር። በታንጃቩር ከ1798 እስከ 1832 የነገሡት ሰርፎጂ ሁለተኛ በጀርመናዊው ሚስዮናዊ ክርስቲያን ፍሪድሪኽ ሽዋርትስ እጅ የተማሩ ንጉሥ ነበሩ፤ በቤተ መንግሥታቸውም የአውሮፓ ሙዚቃ የሚጫወት ጓድ አቋቁመዋል። ከባለሟሎቻቸው አንዱ የነበሩት ቫራሃፓ አይየርም ቫዮሊንን ቀድመው ካወቁት ሰዎች ጋር ይቆጠራሉ። የሙቱስዋሚ ደቀ መዝሙር የነበሩት ቫዲቬሉ (1810–1845) ደግሞ ቫዮሊናቸውን ይዘው ወደ ትራቫንኮር ወረዱ፤ ራሳቸው የዜማ ደራሲ የነበሩት ንጉሥ ስዋቲ ቲሩናል በ1834 ከዝሆን ጥርስ የተሠራ ቫዮሊን ሸለሟቸው። ዲክሺታሮች ብራህሚኖች፣ ማለትም ከሂንዱ የካህናት ወገን ሲሆኑ ቫዲቬሉ ከቤተ መቅደስ የዳንስ መምህራን ወገን ነበሩ። አዲሱ መሣሪያ በአንድ ትውልድ ውስጥ ከአንድ ማኅበረሰብ ወደ ሌላው መሻገሩ በአንድ ሰው ፍላጎት ብቻ የተስፋፋ እንዳልሆነ ያሳያል። አንድ የጎደለ ነገር ነበረ፤ ቫዮሊን ያንን ሞላ።

የጎደለው ምን ነበር

ይህን ለመረዳት ራጋ ምን እንደሆነ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ራጋ እኛ ቅኝት ከምንለው ጋር ይቀራረባል፤ ነገር ግን የትኞቹ ድምፆች እንደሚገኙበት መዘርዘር ብቻውን ራጋውን አይገልጸውም። እያንዳንዱ ድምፅ ከየት ተነሥቶ እንደሚደረስበት፣ ቀጥ ብሎ እንደሚቆም ወይም እንደሚወዛወዝ፣ ከወዲያና ከወዲህ የትኛውን ጎረቤት ድምፅ እንደሚነካ ሁሉ የራጋው አካል ነው። ይህ የድምፅ እንቅስቃሴ ጋማካ ይባላል። ቶዲ በተባለው ራጋ ውስጥ ሦስተኛው ድምፅ «ጋ» ለምሳሌ፣ በጽሑፍ ላይ አንድ ፊደል ሆኖ ይቀመጣል፤ ሲዘፈን ግን ድምፁ ከሥሩ ባለው «ሪ» እና ከላዩ ባለው «ማ» መካከል ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል እንጂ በራሱ በ«ጋ» ቦታ ላይ የሚያርፍበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። አድማጩ «ጋ» ብሎ የሚሰማው ያንን መመላለስ ነው። ያንኑ ድምፅ በፒያኖ ቁልፍ ላይ ቀጥ አድርገው ቢመቱት ቶዲ የሚያውቅ ሰው ራጋውን ሊለየው ይቸገራል።

ከቫዮሊን በፊት ዘፋኙን ያጅብ የነበረው ዋነኛ ባለ አውታር መሣሪያ ቪና ነው። ቪና በአንገቱ ላይ 24 የናስ እርከኖች የተተከሉለት፣ በጣት የሚገረፍ ትልቅ መሣሪያ ነው። ተጫዋቹ አውታሩን በእርከኑ ላይ ወደ ጎን እየሳበ ጋማካን ያወጣል፤ በዚህ ረገድ ቪና የራጋ መማሪያ ተደርጎ እስከ ዛሬ ይከበራል። ነገር ግን የተገረፈ አውታር ድምፁ ወዲያው መሞት ይጀምራል። ዘፋኝ በአንድ ትንፋሽ ረጅም ድምፅ ይዞ ሲያወዛውዝ ቪናው ደጋግሞ እየገረፈ መከተል አለበት፤ ድምፁም ለስላሳ በመሆኑ ከትንሽ ክፍል አልፎ አይሰማም።

ቫዮሊን ሁለቱንም ችግር በአንድ ጊዜ ፈታ። እንደ ማሲንቆ በደጋን ስለሚጫወቱት ደጋኑ እስካልቆመ ድረስ ድምፁ አይቋረጥም፤ አንገቱ ላይ እርከን ስለሌለው ጣት በሁለት ድምፆች መካከል ያለውን ቦታ ሁሉ እያንሸራተተ ሊያልፍ ይችላል። ህንድ ራሷ በደጋን የሚጫወቱ መሣሪያዎች ያሏት አገር ናት፤ በደቡብ ቤተ መቅደሶች ድንጋይ ላይ የተቀረጹ ምስሎችን እየጠቀሱ ቫዮሊን መጀመሪያውንም የህንድ ነው የሚሉ አሉ። ይህ ክርክር ለጉዳያችን የሚረባ አይመስለኝም። ምስሉ ምንም ቢያሳይ፣ ባሉስዋሚ የተማሩት ከምሽጉ ሙዚቀኛ ነው፤ በእጃቸው የያዙትም የአውሮፓውን መሣሪያ ነው።

የሚያስደንቀው ግን ከመሣሪያው ጋር ምን እንዳልተወሰደ ነው። ቫዮሊኑ በቅርጹ አልተለወጠም፤ ለውጡ በተጫዋቹ ላይ ነው። የካርናቲክ ቫዮሊን ተጫዋች መሬት ላይ ይቀመጣል። የመሣሪያው ጀርባ በደረቱና በግራ ትከሻው ይደገፋል፤ የአንገቱ ጫፍ ደግሞ በተዘረጋው ቀኝ እግር ቁርጭምጭሚት ላይ ያርፋል። በዚህ አቀማመጥ ቫዮሊኑ በሁለት ነጥብ ስለተያዘ ግራ እጅ ምንም ክብደት አይሸከምም፤ ከአንገቱ ጫፍ እስከ ታች ድረስ በነፃነት መንሸራተት ይችላል። አውሮፓውያኑ ግራ እጅን ከሸክም ለማሳረፍ የአገጭ ማስደገፊያውን ያገኙት በ1820 አካባቢ ነው፤ ፈልሳፊው ጀርመናዊው ሉድቪግ ሽፖር እንደሆኑ ይነገራል። ተመሳሳይ ችግር በሁለት ቦታ ሁለት የተለያየ መፍትሔ አገኘ ማለት ነው። ብዙ የካርናቲክ ተጫዋቾች ጣታቸው እንዳይያዝ ጥቂት ዘይት ይቀባሉ፤ ይህን ያየ የአውሮፓ መምህር መደንገጡ አይቀርም።

የአውታሮቹ አሰላለፍም ተቀየረ። በአውሮፓ አራቱ አውታሮች ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ ሆነው ይቃኛሉ፤ እያንዳንዱ ከጎረቤቱ አምስት ድምፅ ይርቃል። በካርናቲክ ግን ሳ፣ ፓ፣ ሳ፣ ፓ ናቸው፤ ማለትም መነሻው ድምፅና አምስተኛው፣ ከዚያም ሁለቱ እንደገና ከፍ ባለ ደረጃ። መነሻው ድምፅ የተወሰነ ከፍታ የለውም፤ ዘፋኙ የሚመቸውን ይመርጣል፣ ቫዮሊኑ ወደዚያ ይላላል ወይም ይወጠራል። ስለዚህ ክፍት አውታር በተነካ ቁጥር የሚሰማው ታምቡራ የተባለው ባለ አውታር መሣሪያ ከጀርባ ሳያቋርጥ የሚያሰማው ያው መነሻና አምስተኛ ነው። አንድ ሰው ይህን ቅኝት ብቻ ቢያይ እንኳ መሣሪያው የማን ሙዚቃ አገልጋይ እንደሆነ ያውቃል። የአውሮፓው ስምምነተ ድምፅ፣ የኖታ ንባብ፣ የኦርኬስትራ አቀማመጥ፣ አንዳቸውም ከምሽጉ በር አልወጡም።

በመድረክ ላይ የአጃቢው ሥራ እንዲህ ነው። ዘፋኙ ያለ ምት ራጋውን ሲዘረዝር ቫዮሊኑ ግማሽ እርምጃ ወደኋላ ቀርቶ ሐረጉን ይከተላል፤ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ የመጨረሻውን ድምፅ ይዞ ይቆይለታል። ከዚያ ተራው ሲደርስ ያንኑ ራጋ በራሱ መንገድ ይዘረዝራል። በምት የታሰረው የፈጠራ ክፍል ሲመጣ ደግሞ ዘፋኙ በዚያች ቅጽበት የፈጠረውን የድምፅ ሰንሰለት ሰምቶ ወዲያው መመለስ አለበት። ጥሩ አጃቢ ዘፋኙ ወዴት ሊሄድ እንደሆነ ያውቃል፤ ግን አይቀድመውም። ይህ ሥነ ሥርዓት ሊዳብር የቻለው ድምፁ የማይሞት፣ እንደ ጉሮሮ የሚለጠጥ መሣሪያ በመገኘቱ ነው።

ታላቅ ወንድም የወሰዱት

ሙቱስዋሚ በምሽጉ የሰሙትን ዜማ ወስደው በሳንስክሪት ስንኝ ሞሉት። እነዚህ ድርሰቶች ኖቱስዋራ ይባላሉ፤ ወደ 40 የሚጠጉ ናቸው። ስንኞቹ ጋኔሻን፣ ሚናክሺን፣ ሱብራህማንያንና ሌሎችን የሂንዱ አማልክት ያወድሳሉ። ከሁሉ የሚታወቀው «ሳንታታም ፓሂማም» የሚለው ሲሆን ዜማው የእንግሊዝ ንጉሥ ብሔራዊ መዝሙር ነው። ወታደሮቹ ንጉሣቸውን እግዚአብሔር እንዲጠብቅላቸው የሚጠይቁበት ዜማ፣ በማናሊው ሊቅ እጅ የሙዚቃ እመቤት የምትባለው ሽያማላ እንድትጠብቀን የሚለመንበት ሆነ። ይህ ፌዝ ይሁን ፍቅር፣ ወይም ለደጋፊ የቀረበ ገጸ በረከት፣ ስንኙ አይናገርም። እኔ ከፖለቲካ ይልቅ የደራሲ ጉጉት ይታየኛል። ሙቱስዋሚ በቫራናሲ ለዓመታት ኖረው ድሩፓድ የተባለውን የሰሜኑን የአዘፋፈን ስልት ያዳመጡ፣ አዲስ ድምፅ ሲሰሙ የማያልፉ ሰው ነበሩ።

ድርሰቶቹ በሙሉ ሻንካራብሃራናም በተባለው ራጋ ሥር ይመደባሉ። ራጋዎች በሚመደቡበት በ72ቱ የወላጅ ስኬሎች (የድምፅ መሰላሎች) ሥርዓት 29ኛ የሆነው ይህ ስኬል በድምፆቹ ዝርዝር ከአውሮፓው ሜጀር ስኬል ጋር አንድ ነው። ዝርዝሩ አንድ ነው እንጂ ሙዚቃው አንድ አይደለም። ሻንካራብሃራናም በሙሉ ክብሩ ሲዘፈን «ሪ»ው፣ «ማ»ው፣ «ዳ»ው ይወዛወዛሉ፤ አንድን ሐረግ ለመጨረስ ዘፋኙ ደጋግሞ እየዞረ ይመጣል። በኖቱስዋራ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ድምፅ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ፊደልና ድምፅ አንድ ለአንድ እየተጣመሩ በሰልፍ ምት ይሄዳሉ። ጋማካ ይጨመርበት ቢባል ዜማው ይፈርሳል፤ ሳይጨመርበት ቢቀር ራጋው አይታይም። ለሚዘፍነው ሰው የሚዘረዝረውም የሚፈጥርበትም ቦታ አይተውለትም፤ ድርሰቱ ሁለት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ያልቃል።

በዚህ ምክንያት ኖቱስዋራ ዛሬም በሕይወት ቢኖርም ቦታው ጠባብ ነው። ምቱ ቀላል፣ ሳንስክሪቱ ግልጽ በመሆኑ ልጆች ይማሩታል፤ በኅብረት ለመዘመርም ይመቻል። ከአንድ ትውልድ በላይ ቆይቶም ይኸው መንገድ ተደግሟል፤ ሙቲያ ባጋቫታር (1877–1945) «የእንግሊዝ ኖት» የሚባል ፈጣን ዜማ ደርሰው ማዱራይ ማኒ አይየር በኮንሰርታቸው ማብቂያ ላይ እየዘፈኑ ዝነኛ አድርገውታል። አድማጭ ወዶታል፤ ሆኖም ከእርሱ የተወለደ ራጋ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ከሰሜን የመጡ ዜማዎችስ እንዴት ገቡ ይባላል። ሙቱስዋሚ በድቪጃቫንቲና በያሙና ካልያኒ ራጋዎች የደረሱት የሂንዱስታኒ ጣዕም ያለው ነው፤ እነዚህ ግን በዳር አልቀሩም፣ የካርናቲክ መዝገብ ዋና ገጾች ሆኑ። ልዩነቱ የሂንዱስታኒው ራጋ ራሱ በእንቅስቃሴ የሚኖር በመሆኑ ነው። ወዝውዞ፣ ተንሸራቶ፣ ተዘርዝሮ የሚዘፈን ነገር ወደ ደቡቡ ሰዋስው ሊተረጎም ይችላል። የእንግሊዙ ሰልፍ ግን ከነ ሙሉ ቅርጹ ካልተወሰደ ራሱን አይሆንም፤ ከነ ሙሉ ቅርጹ ሲወሰድ ደግሞ እንግዳ ሆኖ ይቀራል።

ሦስተኛው ምስክር፦ ሃርሞኒየም

ማብራሪያው ትክክል ከሆነ ከአውሮፓ መጥቶ ለጋማካ የማይመች መሣሪያ መውደቅ አለበት። ሃርሞኒየም ይህን ፈተና ሳይጠሩት አቅርቦልናል። ወናፍ ያለው፣ በቁልፍ የሚጫወቱት ይህ መሣሪያ ርካሽና ለመማር ቀላል በመሆኑ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መላ ህንድን አጥለቀለቀ፤ በደቡቡ የቲያትር መድረክ ላይ ዋና መሣሪያ ሆኖ ነበር። ነገር ግን በሁለት ቁልፎች መካከል ምንም የለም። የቶዲው «ጋ» ሊመላለስበት የሚገባው ቦታ ባዶ ነው።

የመላ ህንድ ሬዲዮ በ1940 ሃርሞኒየምን ከሥርጭቱ አገደ፤ እገዳው መላላት የጀመረው በ1971 ነው። የብሔርተኝነት ስሜት የነበረበት ዘመን ስለሆነ «ባዕድ መሣሪያ» የሚለው ክስ ትልቅ ድርሻ ነበረው። ከአጥባቂዎቹ ከሳሾች አንዱ ግን በሬዲዮው የአውሮፓ ሙዚቃ ክፍልን ይመሩ የነበሩት እንግሊዛዊው ደራሲ ጆን ፎልድስ መሆናቸው ለታሪክ የተረፈ ፈገግታ ነው። በዚያው ሬዲዮ፣ በዚያው ዓመት፣ የአውሮፓው ቫዮሊን በየዕለቱ ይሰማ ነበር፤ ማንም ባዕድ ብሎ አልከሰሰውም። የትውልድ አገር ቢሆን ኖሮ መመዘኛው ሁለቱም በወደቁ ነበር።

ሃርሞኒየም ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። የካርናቲክ ዘፋኞች እስከ ዛሬ የመነሻ ድምፃቸውን ከፍታ የሚናገሩት በሃርሞኒየም ቁልፍ ቁጥር ነው። «አንድ ካታይ» ያለ ዘፋኝ አውሮፓውያን ዶ ከሚሉት ይነሣል፤ «አምስት ካታይ» ያለች ሴት ዘፋኝ ከሶል ትነሣለች። መሣሪያው ከመድረክ ተባርሮ ቁጥሩ ቀረ።

ቫዮሊኑ መልሶ የለወጠው

ቫዮሊን ለሙዚቃው ተገዛ ማለት ሙዚቃውን ሳይለውጥ ቀረ ማለት አይደለም። መጀመሪያ ዋጋ የከፈለው ቪና ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የነገሥታቱ ድጋፍ ሲዳከም ሙዚቀኞች ወደ ማድራስ ፈለሱ፤ ሳባ የሚባሉ የሙዚቃ ማኅበራት ቲኬት እየሸጡ በአዳራሽ ኮንሰርት ማዘጋጀት ጀመሩ። ማይክሮፎን ገና አልመጣም ነበር። በዚህ አዳራሽ የቪና ድምፅ ከፊት ወንበር አያልፍም። በዘመኑ ወደር ያልነበራቸው ቪና ዳናማል (1867–1938) ዓርብ ዓርብ ማታ በማድራስ ጆርጅታውን ቤታቸው ለጥቂት አዋቂዎች ይጫወቱ ነበር፤ ያ ጥበብ የሚሰማው እንዲያ ባለ ክፍል ውስጥ ነው። ቪና ከአጃቢነት ወጥቶ ብቻውን የሚሰማ መሣሪያ ሆነ፤ ቫዮሊን ወንበሩን ወረሰ።

የአዳራሹ ጫና ቫዮሊኑንም አልማረውም። የማይሶሩ ቲ. ቾውዲያ (1895–1967) ከኋላ ረድፍ አልሰማ ሲሉ በአራቱ አውታሮች ላይ ጨምረው ባለ 7 አውታር ቫዮሊን አሠሩ። ብዙ ተነቀፉበት፤ ነገር ግን ተሰሙ። በዚያው ዘመን ድዋራም ቬንካታስዋሚ ናይዱ (1893–1964) የአውሮፓውያንን ቫዮሊን በጥሞና አዳምጠው የደጋን አያያዛቸውን ያጠሩ፣ ቫዮሊን ያለ ዘፋኝ ብቻውን ኮንሰርት እንዲያቀርብ መንገድ የጠረጉ ሰው ናቸው። ሁለተኛ ውሰት ልንለው እንችላለን፤ ግን አሁንም የተወሰደው የእጅ ጥበብ እንጂ ዜማ አልነበረም። ከዚያ የመጣው ትውልድ፣ በተለይ ላልጉዲ ጄያራማን (1930–2013)፣ ቫዮሊኑ ስንኙን ሳይቀር «እንዲዘፍን» አደረገ፤ ዘፋኞችም በተራቸው የቫዮሊኑን ፍጥነትና ጥራት መከተል ጀመሩ። ዛሬ አንድ ወጣት ዘፋኝ በሦስት የድምፅ ደረጃ ላይ በፍጥነት ሲመላለስ የሚሰማው ከጉሮሮ የተወለደ ነው ወይስ ከደጋን የሚለውን መለየት ቀላል አይደለም።

ኖታን በጽሑፍ ማስቀመጥም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ኤ. ኤም. ቺናስዋሚ ሙዳልያር የተባሉ የማድራስ ሰው በ1890ዎቹ የካርናቲክ ድርሰቶችን በአውሮፓ ባለ አምስት መስመር ኖታ ማተም ጀመሩ። ለዚህ ሥራ ያግዟቸው የነበሩት ራሳቸው ሱባራማ ዲክሺታር ናቸው። ሱባራማ በኋላ የራሳቸውን መድበል በቴሉጉ ፊደል ሲያሳትሙ የድምፅ ስሞቹን አስቀምጠው በላያቸው የጋማካ ምልክቶችን ደረደሩ። መዝግቦ የማቆየት ሐሳቡ ተቀባይነት አገኘ፤ አምስቱ መስመሮች ግን አላገኙም። የባሉስዋሚ የልጅ ልጅ አያታቸው በቫዮሊን ያደረጉትን በወረቀት ላይ ደገሙት።

ከዚያ ወዲህ የመጡት በዚሁ በር አልፈዋል። ዩ. ሽሪኒቫስ (1969–2014) በኤሌክትሪክ ማንዶሊን፣ ካድሪ ጎፓልናት (1949–2019) በልጅነታቸው በማይሶር ቤተ መንግሥት ጓድ ውስጥ ባዩት ሳክስፎን መጀመሪያ የገጠማቸው ጥያቄ አንድ ነበር፤ ጋማካ ያወጣል ወይ የሚል። ሽሪኒቫስ ጥንድ ጥንድ የነበሩትን አውታሮች ነጠላ አደረጉ፤ ጎፓልናት የሳክስፎኑን መክደኛዎች አስቀየሩ። ካሳዩ በኋላ ክርክሩ በረደ።

ቃሉ ሲነካ

እስካሁን ያቀረብኩት መመዘኛ፣ ማለትም ለጋማካ የተመቸ ይገባል፣ ያልተመቸ በዳር ይቀራል የሚለው፣ የማያስረዳው አንድ ነገር አለ። በነሐሴ 2018 አንዳንድ የካርናቲክ ዘፋኞች በዚህ ሙዚቃ የክርስትና መዝሙር ዘምረዋል ወይም ሊዘምሩ ነው በሚል በማኅበራዊ ሚዲያ ከባድ ዘመቻና ዛቻ ደረሰባቸው፤ አንድ አስቀድሞ የተነገረ ኮንሰርትም ተሰረዘ። ዘፋኙ ቲ. ኤም. ክሪሽና በምላሹ በየወሩ ስለ ኢየሱስ ወይም ስለ አላህ የሚዘምር አንድ የካርናቲክ ዜማ እንደሚያወጡ አስታወቁ። ከሳሾቹ ያነሡት ነጥብ በከፊል ስለ ደራሲ መብት ነበር፤ የትያጋራጃ ዜማ ተወስዶ የሂንዱው አምላክ የራማ ስም በኢየሱስ ተተክቷል ይሉ ነበር። ሆኖም ቁጣው በተለወጡ ድርሰቶች አላበቃም፤ ለክርስትና ተብለው በአዲስ ወደተደረሱትም ተሻገረ።

በእነዚያ መዝሙሮች ውስጥ ራጋው ተወላጅ ነው፣ ጋማካው ተወላጅ ነው፣ ባዕድ የተባለው ቃሉ ብቻ ነው። በኖቱስዋራ ግን ዜማው የእንግሊዝ ሆኖ ቃሉ የሂንዱ ስለሆነ ከደጅ አልተባረረም። ስለዚህ ሁለት ዘበኞች አሉ ማለት ይቻላል። አንደኛው የሚጠብቀው የድምፁን ሰዋስው ሲሆን ዘበኛው ጆሮ ነው፤ ባለፉት 200 ዓመታት እጅግ ለጋስ ሆኖ ታይቷል። ሁለተኛው የሚጠብቀው ስንኙን ነው፤ የሙዚቃ ክርክር ሲቀርብለት መልስ አይሰጥም፣ ጉዳዩ ሙዚቃ አይደለምና።

ይህ ሁለተኛው ጥበቃ ሁልጊዜ እንዲህ የከረረ እንዳልነበረም ከዚሁ ታሪክ እናያለን። ቬዳናያጋም ሻስትሪ (1774–1864) ከሰርፎጂ ጋር በሽዋርትስ ሥር የተማሩ የታንጃቩር ክርስቲያን ባለቅኔ ነበሩ። ንጉሡ አብሮ አደጋቸው በዙፋን ተቀምጠው የአውሮፓ ጓድ ሲያቋቁሙ፣ እርሳቸው በዚያችው ከተማ የክርስቶስን ታሪክ በታሚል ስንኝ፣ በካርናቲክ ራጋ ይደርሱ ነበር። መዝሙሮቻቸው በታሚል ፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ዛሬም ይዘመራሉ።